ከሠላሳ ስድስት የጀመረው ግራፍ

«ይሄ ጥቅምት ነው» አለች አያንቱ። የጃለታን ሌባ ጣት ይዛ ከዴስኩ ጠርዝ ትንሽ ወደ ላይ ገፋ አደረገችና አቆመችው። ጣቱ የተጓዘው ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ መንገድ ነበር። «ይሄ ደግሞ የካቲት።» አሁን ጣቱ ሽቅብ ሄደ፣ ሄደ፣ የዴስኩን ግማሽ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ቆመ።

ጃለታ ጥርስ በጥርስ ሆነ። «ዱጋ? እውነትሽን ነው? ይህን ያህል አድገናል?»

አያንቱ ዴስኩ ላይ የተከፈተውን የተድላን ላፕቶፕ አየች። ሰማያዊዎቹ አምዶች ደረጃ ሠርተው ይወጣሉ። በግራ በኩል፣ ከታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ 36 ይላል። ግራፉ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከሠላሳ ስድስት ነው። በጥቅምት የሸጡት ትራስ ሠላሳ ስምንት፣ በየካቲት አርባ አራት ነበር። ልዩነቱ ስድስት ትራስ ብቻ ነው።

«አዎ» አለች።

አያንቱ፣ ጃለታና ተድላ ሰበታ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። የቢዝነስ ክበባቸው ከፋብሪካ በሚጣል ቁርጥራጭ ጨርቅ ለባጃጅ ሹፌሮች የመቀመጫ ትራስ እየሰፋ ይሸጣል። የራሳቸው የስፌት መኪና የላቸውም፤ ልብስ ሰፊው ኦቦ ዋቆ እሑድ ሱቃቸው ዝግ ሲሆን የሳቸውን ያውሷቸዋል። ነገ ቡራዩ ላይ የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ተማሪዎች ሥራቸውን ለዳኞች ያቀርባሉ። ያሸነፈ አዲስ የስፌት መኪና ይሸለማል። አያንቱ ያቺን መኪና በሕልሟ ሳይቀር ስትረግጣት ታድራለች።

የክበቡ ተናጋሪ ጃለታ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ዐይነ ስውር ነው፤ ይህ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት ሰበታ ማንንም አያስደንቅም፣ ነጭ ዘንግ የያዘ ተማሪ በየክፍሉ አለ። አያንቱን የሚያስደንቃት ሌላ ነው። ተድላ በመጀመሪያ ስላይዶቹን ሠርቶ ያመጣ ቀን ክበቡ በሙሉ አጨብጭቦ ነበር። ፊደሎቹ እየተሽከረከሩ ይገባሉ፤ ስምንት ቀለም ያለው ክብ ግራፍ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆራርጧል፤ ከጥግ ደግሞ አንበሳ ያገሳል። ጃለታ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና ጠየቀ።

«ይሄኛው ስላይድ ምን ይላል? በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ።»

«ያምራል በቃ» አለ ተድላ።

«ማማሩንማ ከጭብጨባው ሰማሁ። ምን ይላል ነው ያልኩት።»

ስላይዱ ምንም አይልም ነበር። አንበሳው በዚያው ዕለት ተባረረ፤ ስምንቱ ቀለሞችም ተከተሉት። ጃለታ እያንዳንዱን ስላይድ እንዲሁ እየጠየቀ፣ መልስ የታጣለትን ሁሉ እያስጣለ፣ ከሃያው አራቱን ብቻ አስቀረ። ዐይን ያለን ሁላችን ያላየነውን እሱ በአንድ ጥያቄ አገኘው፣ ጎበዝ ማለት እንዲህ ነው እንጂ፣ አለች አያንቱ በልቧ።

ታዲያ ይህን ልጅ ነው አሁን የገዛ ጣቱን ይዛ የዋሸችው። ጃለታ ዘንጉን ዘርግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ተድላን አፋጠጠችው።

«ከሠላሳ ስድስት ለምን አስጀመርከው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ነው የቆረጠው። ሳየው አማረኝ፣ ተውኩት። ከዜሮ ሲጀምርማ አምስቱም ወር እኩል ነው የሚመስለው። ቀሽም ነገር! ማን ይሸልመናል?»

«ውሸት ነዋ።»

«አቦ አታካብጂ! ቁጥሩ እኮ ተጽፏል። ዐይን ያለው ያነበዋል።»

ዐይን ያለው። የሌለውስ? ግን የጃለታ ፈገግታ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፤ መኪናዋም ትዝ አለቻት። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት በአየር ጤና በኩል አድርገው፣ ሚኒባስ ቀይረው ወደ ቡራዩ አመሩ። ተድላ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል። ጃለታ ከኋላ ከአያንቱ አጠገብ ሆኖ ንግግሩን በለሆሳስ ይለማመዳል።

«ክቡራን ዳኞች፣ እንደምታዩት በአምስት ወር ውስጥ ሽያጫችን አራት እጥፍ ሆኗል…»

አያንቱ አቋረጠችው። «አራት እጥፍ ማን አለህ?»

«አንቺ ነሻ!» ሳቀ። «ተድላን ቁጥሩን ንገረኝ ብለው ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አለ፣ አንተ ታሪኩን ተናገር አለኝ። እኔም ትናንት በጣቴ ያሳየሽኝን ቤት ሄጄ መልሼ ለካሁት። ልክ አራት እጥፍ ነው የመጣልኝ።»

አያንቱ የሚሆነውን ከወዲሁ አየችው። ጃለታ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ አራት እጥፍ ሲል፣ ከጀርባው ሠላሳ ስምንትና አርባ አራት ተጽፎ ይታያል። ዳኞቹ ይስቁበታል። ወይም ደግሞ አይስቁበትም፤ አያይ፣ ምን ያድርግ ብለው ያዝኑለታል። ይሄ ከሳቁ ይብሳል፤ ጃለታ በዓለም ላይ እንደ ከንፈር መጠጣ የሚጠላው ነገር የለም። ብትነግረው ግን ንግግሩ በመጨረሻው ሰዓት ይፈርሳል፤ መኪናዋም ትቀራለች። እሱም ከእንግዲህ አያምናትም። ቡራዩ እስኪደርሱ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች።

የቡራዩ ልጆች ቀድመው መድረክ ላይ ወጥተዋል። ሦስቱ ተራቸውን እየጠበቁ ከአዳራሹ ደጅ ደረጃው ላይ ቆሙ። ጃለታ የአያንቱን ክንድ ይዟል።

«ጃለታ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለች።

አንዴ ከጀመረች አልቆመችም፤ ከታች የተቆረጠውን፣ ሠላሳ ስምንቱን፣ አርባ አራቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ተድላ «አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?» እያለ እጅጌዋን ይጎትታል።

«ጣቴን ይዘሽ?» አለ ጃለታ።

«ጣትህን ይዤ።»

እጁን ከክንዷ ላይ አነሳና ኪሱ ውስጥ ከተተው። የአያንቱ እንባ መጣ። ተድላ እኮ ነው ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን ጣቱን የያዘችው ተድላ አልነበረም።

«እሺ» አለ ጃለታ በደረቀ ድምፅ። «ከዜሮ ሲጀምር ምን ይላል?»

«አላደግንም ይላል።»

«ለምን አላደግንም?»

«በእሑድ ብቻ ስንት እንስፋ! የሰፋነውንማ ሁሉንም ሸጠናል።»

«የተረፈ የለም?»

«አንድም።»

ጃለታ ፊቱን ወደ ተድላ አዞረ። «ቴሌግራም ላይ ተመዝግቦ ተራ የሚጠብቅ ሹፌርስ ስንት ነው?»

ተድላ እያጉረመረመ ስልኩን አወጣ። «በጥቅምት ሦስት ነበሩ። አሁን…» እንደገና አየ። «ሥልሳ ሁለት።»

«ሥልሳ ሁለት ሰው ደጃችን ቆሞ፣ አንተ ስድስቷን ትራስ ስትለጥጥ ትከርማለህ?»

ተድላ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። አያንቱ ግን መሳቅ አልደፈረችም።

«ከዜሮ አስጀምረው» አለ ጃለታ። «የሰፋነውን በግራጫ፣ የሚጠብቁትን ከአጠገቡ በቀይ። ሌላ ምንም እንዳትጨምር።»

«አሁን? ሊጠሩን እኮ ነው!»

«ታዲያ ምን ታወራለህ?»

ተድላ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። እሱም ሲፈልግ እሳት የላሰ ልጅ ነው፤ ስማቸው ሲጠራ ግራፉ አልቆ ነበር።

ጃለታ መድረክ ላይ የወጣው የተድላን ክንድ ይዞ ነው። አያንቱ ከላፕቶፑ አጠገብ ቆማ ቁልፉን ተጫነች። ግራጫዎቹ አምዶች እንደ አጥር እኩል ተሰልፈዋል፤ ቀዮቹ ከጎናቸው ከምንም ተነስተው እያደጉ፣ በመጨረሻ በልጠዋቸው ወጥተዋል። ከግራፉ ሌላ ስክሪኑ ላይ አንዳች ነገር የለም።

«ክቡራን ዳኞች፣ ግራጫዎቹን እዩልን» አለ ጃለታ። «አምስት ወር ሙሉ አላደጉም። እነዚህ ሰፍተን የሸጥናቸው ትራሶች ናቸው።» ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አላደግንም ብሎ ለውድድር የሚመጣ ማን አለ? «አሁን ቀዮቹን እዩ። እነዚህ ደግሞ ፈልገው ያልደረስንላቸው ሹፌሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል የጎደለው አንድ የስፌት መኪና ነው።»

ይህን ብሎ አፉን ዘጋ። ሰው እስኪያይለት መጠበቁ ነበር። አያንቱ ሰውነቷ ውርር አለባት፤ እሱ ራሱ የማያየውን ነገር ለሰው ሁሉ እንዲህ አድርጎ ያሳያል! ከዳኞቹ መሐል የዳቦ ፋብሪካ ያላቸው ወይዘሮ ወርቅውሃ እስካሁን ስልካቸውን ሲነካኩ ነበር፤ መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ቀዮቹን ብቻ ብታሳዩን አይሻላችሁም ነበር፣ ልጄ? ግራጫዎቹ እኮ አያምሩም።»

«ግራጫዎቹን ካላዩ መኪናዋን ለምን እንደፈለግናት በምን ያውቃሉ?» አለ ጃለታ።

ወይዘሮዋ ሳቁና ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ ማንም አላየም።

ወርደው ሲቀመጡ የሱሉልታ ልጆች ወጡ፤ እርጎ አሽገው ይሸጣሉ። ግራፋቸው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አዳራሹ «ዋው!» አለ። አረንጓዴ አምዶች ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ጃለታ በአያንቱና በተድላ መካከል ተቀምጧል፤ እጆቹ አሁንም ኪሱ ውስጥ ናቸው። ከደረጃው ወዲህ አያንቱን አንድም ቃል አላናገራትም።

«አያንቱ» አለ ድንገት፣ ፊቱን ሳያዞር።

«አቤት።»

«የእነሱ ምን ይላል? በቃል ንገሪኝ።»

ሰማይ ነክቷል የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ ከፊቷ በተደረደሩት ራሶች መካከል አንገቷን አስግጋ የአምዶቹን ግርጌ ፈለገች።

«ቆይ» አለችው። «መጀመሪያ ከስንት እንደሚጀምር ልይልህ።»