ማሞቂያው ላይ የተለጠፈው ምልክት

የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ባለቤት እርጥብ ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታ ሞታ ተገኘች። ቀኝ መዳፏ ከስሏል። ከራስጌዋ ያለው የውሃ ማሞቂያ አሁንም ያጉረመርማል።

ያገኛት ባሏ ነው። ጎረቤቶች ግን በዋዜማው ማታ ሲጨቃጨቁ ሰምተዋል። መርማሪው እሱን ያዘ።

«ምን አጣላችሁ?»

«ማሞቂያው ነዘረኝ፤ ይነቀል አልኳት። ‹የባለሙያ ሥራ ነው፣ እንዳትነካብኝ!› አለችኝ። ተናድጄ እናቴ ቤት አደርኩ።»

መርማሪው አላመነውም። ማሞቂያው ላይ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር የብቃት ምልክት ተለጥፏል። ፈተና ያለፈ አባል ካልሆነ ማንም አይለጥፈውም። ክዳኑ ሲፈታ ግን እንዳይነዝር የሚከላከለው የመሬት ሽቦ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ምልክቱን ልጦ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ የኛ አይደለም። አስመስሎ ያሳተመው ሰው አለ። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ፣ እንዳይጠቀምበት ፍርድ ቤት አግዶልን ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እግድ በየሰው በር ዘብ አይቆም፣ ጌታዬ።»

የታገደውን ሰው ስም አሳየችው። ከአባት እስከ አያት ከሟች ጋር አንድ ነው።

መርማሪው የሟችን ታናሽ ወንድም ከለቅሶው መሀል አስነስቶ አመጣው።

«የፍርድ ቤቱ እግድ ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል።»

«እያወቅህ? ለገዛ እህትህ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ፈተናውን ደጋግሜ ወደቅኩ። ያለ ምልክቱ ደግሞ ማን ሥራ ይሰጠኛል? እሷን አልደበቅኋትም፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ‹እኔ እህትህ ካላመንኩህ ማን ሊያምንህ ነው? እኔ ቤት ለጥፈው፤ ደንበኞቼ አይተው ይጠሩሃል› አለችኝ።»

«ጠሩህ?»

«ጠሩኝ።»

«የት የት ገጠምክ?»

«እንጃ… ብዙ ቤት ነው።»

መርማሪው ባልየውን ለቀቀው። ባልየው ግን ከአግዳሚው አልተነሳም።

«ምናለ ነቅዬው በወጣሁ» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ፖሊሶች በየሰፈሩ በር ማንኳኳት ጀመሩ። ገሚሱ ሰው አልከፈተም። የከፈተውም «ምልክት አለው እኮ!» እያለ ይሟገታል።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ጣቢያው ገቡ። ተረኛው ፖሊስ ቀና አለ።

«እማማ፣ የሟች ወገን ነዎት የተጠርጣሪው?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ተረኛው ያልሰሙት መስሎት ጮክ ብሎ ደገመው።

«የሁለቱም እናት ነኝ» አሉ።