ባዶው ምስማር

«ሞተ እኮ አልኩሽ» አለች ሳቂታ። «ልምምድ ላይ ነው የሞተው። ጌሙ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ቃሪያ በጥርጣሬ አፈጠጠችባት። ቃሪያ ያሏት በቁጣዋ ነው፤ ሳቂታን ደግሞ በጥርሷ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው፤ በየስልካቸው በሚጫወቱት ጌም ላይ ያለውን የግላዲያተር፣ ማለትም የሰይፍ ተፋላሚዎች፣ ቡድንም አብረው ነው ያቋቋሙት። አሁን ትምህርት አልቆ ክፍሉ ባዶ ሆኗል። ትንሽ ቆይተው ከከፍተኛ ክፍል ልጆች ጋር የፍጻሜ ግጥሚያ አለባቸው። ቃሪያ ከወንድሟ የወረሰችውን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አስጠግታ የግላዲያተሮቹን ማደሪያ ብትፈትሽ፣ ሽበቱ የለም።

ሽበቱ መጀመሪያ የቀጠሩት ሽማግሌ ነው። ጉልበቱን የሚያሳየው ቁጥር ከሁሉም ያነሰ ነው፤ አንድ እግሩንም ይጎትታል። ሳቂታ ሁልጊዜ «ጡረታ ይውጣ» ትላለች። ቃሪያ ግን ስንቴ ተሸንፋ የደረሰችበት ነገር አለ። ሽበቱ መሀል ከቆመ ወጣቶቹ አይሸሹም፤ እሱ ከሌለ ገና የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ሰይፋቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ጨዋታው ይህን የትም አይናገርም። ለሳቂታ ግን እሷ አፏ እስኪደርቅ ነግራታለች።

ጨዋታው የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። ግላዲያተር ሲሞት ጋሻው ከአልጋው በላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። የተባረረ ግን ጋሻውን ይዞ ይወጣና፣ የሚቀጥረው እስኪያገኝ የፍልሚያው ሜዳ በር ላይ ይቀመጣል። ከሽበቱ አልጋ በላይ ያለው ባዶ ምስማር ብቻ ነበር። አልጋው ላይ አንድ የማታውቀው ባለ ሁለት ራስ ግዙፍ ተዘርሮ በሁለት አፉ ያንኮራፋል።

የቃሪያ ደም ፈላ። ሳቂታ ሳትጠይቃት ሽበቱን ማባረሯ አንድ ነገር ነው፤ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ሞተ» ማለቷ ግን ሌላ ነው። የቃሪያ እናት «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ትላለች፤ ይሄኛው ማደርም አላስፈለገው።

«ጋሻውስ?»

«የምን ጋሻ?»

«የሞተ ሰው ጋሻ ግድግዳው ላይ ይቀራል። አባረርሽው አይደል?»

ሳቂታ እንደ ልማዷ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ እምቢ አላት። «ብነግርሽ እሺ አትዪም ነበር።»

«አልልም ነበር። ለዛ እኮ ነው መጠየቅ የነበረብሽ።»

ሳቂታ እንደ ግዙፉ ያለ ጉልበተኛ ሁለተኛ እንደማይገኝ፣ ቦታ እንዳልነበረ፣ ያደረገችውም ለሁለታቸው ብላ እንደሆነ ደረደረች። ቃሪያ ቦርሳዋን አነሳች። ሳቂታ ግዙፉን ከፊት እንደምታቆመው፣ ወጣቶቹ እንደሚበተኑ፣ በትልልቆቹ ልጆች ፊት መሳቂያ እንደምትሆን ቃሪያ ታውቃለች። የእጇን ታግኝ።

በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ወጣቶቹን ከሰይፍ አያያዝ ጀምሮ ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት። እነሱ ምን አጠፉ? ይህን ማሰቧም አናደዳት።

«ግዙፉን ከኋላ አድርጊው» አለች ሳትዞር። «ወጣቶቹን ትከሻ ለትከሻ አጠጋጊያቸው። ከተራራቁ ይሸሻሉ።»

«አትቆዪም? አብረን እኮ ነው...»

«ስታባርሪው ብቻሽን ነበርሽ» አለችና ወጣች። ትልልቆቹ ልጆች እየተሳሳቁ በአጠገቧ አልፈው ወደ ክፍሉ ገቡ።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አዲስ ቡድን ከፈተች። ከክፍሉ ጩኸት ተነሳ፤ ማን እንዳሸነፈ ለማየት ቀና አላለችም። ጨዋታው የአጋሯን ስም እንድትጽፍ ጠየቃት። ጣቷ እንደ ልማዱ የሳቂታን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈ። አየችውና አጠፋችው፤ ቦታውን ባዶ ትታ አለፈች።

አዲሱ ማደሪያ አንድ አልጋና አንድ ምስማር ብቻ ነበረው። ከፍልሚያው ሜዳ በር የቀጠረችው ሽበቱ እግሩን እየጎተተ ገባና ጋሻውን ሰቀለ።