በሸደር መንገድ ማን ተኛ?

የኩልሚዬ እግር ከሆስፒታሉ አልጋ አልፎ ተንጠልጥሏል። ረጅም ሰው ነበር። ኢንስፔክተር ፀዳለ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ደረቱን አየች። የደህንነት ቀበቶ ያወጣው ሰንበር ከቀኝ ትከሻው ተነስቶ ወደ ግራ ወገቡ ይወርዳል። ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ አብሯት የመጣው የትራፊክ ፖሊስ። «ሹፌሩ መሪ ላይ ተኛ፤ መኪናው ከድንጋይ ጋር ተላተመ፤ አለቀ።»

«አለቀ አትበል!» አለችው። ሹፌር በሞተ ቁጥር «እንቅልፍ ወስዶት ነው» መባሉ አንገሽግሿታል። ሙት ተነስቶ አይከራከር፤ ጥፋቱን ሁሉ ይጭኑበታል።

የሟች ሚስት ዓሻ ደጅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም።

«ጫት ሲቅም አድሮ ነው ይላሉ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ባሌ ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም። ማን ይስማኝ?»

«እኔ እሰማሻለሁ፣ እህቴ።»

መኪናው የአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ትናንት ከሸደር ወደ ጅጅጋ ሲመለስ ከኩልሚዬ ሌላ ሥራ አስኪያጁ አምሀና ነርሷ ዋርዳ ነበሩበት። ፀዳለ መጀመሪያ የሄደችው አምሀ ቢሮ ነው። አጭር፣ ንግግሩ የተቀመመ ሰው ነው።

«ጋቢና ከጎኑ ነበርኩ» አላት። «መሣሪያው እስክንጋጭ ድረስ ጮኸ፣ ጮኸ፤ ኩልሚዬ ግን አልነቃም።»

«የምን መሣሪያ?»

«ከመሪው ፊት የተገጠመ ካሜራ ነው። የሹፌሩን ዓይን ይከታተላል፤ ዓይኑ ሲከደን ይጮሃል። ለሹፌሮቻችን አስበን ያስገጠምነው ነው።»

ይህን ሲል ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ያሻል። ጣቶቹ ጭረት እንኳ የለባቸውም።

ዋርዳን ቤቷ አገኘቻት፤ ግንባሯ በፋሻ ታስሯል።

«ከኋላ ተኝቼ ነበር። ምንም አላየሁም» አለች ዓይኗን ሰብራ።

«መሣሪያው ሲጮህስ አልሰማሽም?»

«ከሸደር እንደወጣን ጮኾ ነበር። ከዚያ አቶ አምሀ ጣቴን ቆረጠኝ ብለው ፕላስተር ሰጠኋቸው። ከዚያ ተኛሁ።» ብላ በሩን ከፈተችላት።

መኪናው ወደተጎተተበት ጋራዥ ስትደርስ ካሜራውን የገጠመው መካኒክ ደበሌ በፍርሃት ተቀበላት።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብለው እኔን ሊያስሩኝ ነው?»

«መጀመሪያ ያሳዩኝ።»

የካሜራው ዓይን ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። የሹፌሩ ወንበር ከመሪው ጋር ሊጋጠም እስኪደርስ ወደፊት ተስቧል። ጋቢናው ላይ ደም ደርቋል፤ ደሙ ማርሹን አልፎ እስከ ሹፌሩ ወንበር ተጎትቷል።

«እንዲህ ተሸፍኖ መጮህ ይችላል?»

«ዓይን ካላየ በምን ይጮሃል?» አለ ደበሌ።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው መኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ አምሀ ኩልሚዬ ተኝቶ ነበር ብለዋል። እውነት ነው» ብላ ጀመረች። ዓሻ በድንጋጤ ቀና አለች። «የተኛው ግን ጋቢና ነው። የሹፌር ቀበቶ ከግራ ትከሻ ይወርዳል፤ የኩልሚዬ ሰንበር የወረደው ከቀኝ ነው። ይህን ወንበር ደግሞ እዩት። ያንን የሚያህል ሰው እግሩን የት አድርጎ ነው የሚነዳው? የነዳው አጭር ሰው ነው።»

«ይሄ ግምት ነው!» አለ አምሀ።

«ፕላስተሩንስ ማን ለጠፈው?»

«እሱ ነዋ! ሹፌሮች መሣሪያውን አይወዱትም።»

«ታዲያ ዓይኑ ተሸፍኖ እስክትጋጩ ድረስ ሲጮህ እንዴት ሰሙት?»

አምሀ ወደ ካሜራው ዞረ።

«ፕላስተር የጠየቁት እርስዎ ነዎት። የተቆረጠውን ጣትዎን እስቲ ያሳዩን።»

እጁን ኪሱ ከተተ። ፀዳለ ጠጋ ብላ ግራ ትከሻውን በጣቷ ነካ ስታደርገው በሕመም ዘለለ።

«የሹፌር ቀበቶ ምልክቱን የተወው እዚህ ነው» አለች። «እርስዎም እንቅልፍ ይጥልዎት ነበር። መሣሪያው ሲጮህብዎት አፉን ዘጉት። ከግጭቱ በኋላ ሰውየውን ወደ መሪው ጎተቱት፤ ደሙ ይመሰክራል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሲጎትቱት ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር!» አለ አምሀ።

«አልሞተም!» ዋርዳ ጮኸች። «ቢዮ፣ ቢዮ እያለ ውሃ ይለምን ነበር! አይንኩት፣ አንገቱ ተጎድቷል ብዬ ለመንኳቸው። ብብቱን ይዘው ሲጎትቱት ድምፁ ጠፋ። ብትናገሪ ከሥራ ትወጫለሽ አሉኝ... እናቴን የማኖረው እኔ ነኝ። ፈራሁ።»

«ቀድሞስ ኩልሚዬ መሪውን ለምን ለቀቀ?» አለች ፀዳለ።

«መሣሪያው ሲጮህበት ዳር ይዞ አቆመ። ስንት ቀን እረፍት ከልክለውት ነበር። ትንሽ ልተኛ፣ ሰው እገላለሁ አለ። እሳቸው አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው ብለው ቁልፉን ነጠቁት።»

አምሀ የመኪናውን በር ያዘ።

«እኔም እኮ ሰው ነኝ» አለ። «ደክሞኝ ነበር።»

ዓሻ ወደ እሱ ተራመደች። ደበሌ ሊይዛት ሲል ፀዳለ ተዋት ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው።

«እሱም ደክሞት ነበር» አለች ዓሻ ፊት ለፊቱ ቆማ። «እሱ ግን አቆመ።»

አምሀ አንገቱን ደፋ። ፀዳለ የታመመውን ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ካቴናውን አስገባችለት። አቃሰተ፤ ቀስ ልበል አላለችም።