ሦስት ጊዜ ክላክስ

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ግማሹን ጎረቤቴ ቬልዳ ነገረችኝ፤ ቀሪውን በዓይኔ አየሁት። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

እኔ የሳር ማጨጃ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ውሸት ማሳመር ብችል ኖሮ ድሮ ሌላ ሥራ በያዝኩ።

ቦታው አሜሪካ፣ ምዕራብ ካንሳስ፣ በስንዴ ማሳ መሃል የሚያልፍ የአፈር መንገድ። ጊዜው ጁን ወር፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ።

ይቺን ደቂቃ ያዙልኝ።

ቬልዳ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። መቁጠር አመሏ ነው። ልጅ ትቆጥራለች፣ ዶሮ ትቆጥራለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ሲጸልይ እሷ ሰው ትቆጥራለች። ስንወጣ "ስንት ሆንን?" እላታለሁ።

"የተኛኸውን አንተን ጨምሮ?" ትለኛለች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእህቷን ልጅ የሮድኒን ሚኒባስ ትነዳለች። የሮድኒ ሥራ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎችን ይዞ ነጎድጓድ ማሳደድ ነው። ሌላው ሰው ከመብረቅ ይሸሻል፤ እነዚህ ግን ፎቶ ሊያነሱት ይከተሉታል።

የሚኒባሷ ሕግ አንድ ነው። ክላክስ ሦስት ጊዜ ከተነፋ ሁሉም ያለውን ጥሎ ይመጣል። ካሜራም ቢሆን። ቬልዳ የዝናብ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ትቆማለች፤ በቀኝ እጇ በሩን ይዛ፣ በግራዋ የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ እየነካች ታስገባለች። ትከሻው ያልተነካ ሰው ካለ መኪናዋ አትንቀሳቀስም።

ያ በር ደግሞ ሲከፈትም ሲዘጋም እንደ ታመመ ፍየል ይጮሃል። እኔው ሁለቴ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። አልተሻለውም።

የዚያን ቀን እንግዶቹ ሰባት ነበሩ። አንደኛው ዶክተር ሃርላን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ሚኒባሷ ከደመናው ሥር እንደ ክብሪት ሳጥን ትንሽ ሆና እንድትታይ ፈለጉ። ስለዚህ ስልሳ እርምጃ ያህል ስንዴው ውስጥ ገብተው፣ ካሜራቸውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ወደ ሚኒባሷ አዙረው ተከሉት። ካሜራው መብረቅ ባየ ቁጥር ራሱ ያነሳል። የሰው እጅ አያስፈልገውም።

ደመናው ወደ አረንጓዴ አደላ።

ነፋሱ ድንገት ቆመ... ወፉም ዝም አለ።

ሮድኒ ስልኩ ላይ ያለውን የደመና ካርታ አየ። "አክስቴ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ወደ እኛ ዞሯል።"

ቬልዳ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነፋች።

ስድስቱ ሮጠው መጡ። ስድስት ትከሻ።

ዶክተሩ እጃቸውን አወዛወዙ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። አንዲት ፎቶ ብቻ ቀረችኝ ማለታቸው ነው።

ቬልዳ በሩን ትታ ስንዴው ውስጥ ገባች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ እንኳ ይከለክላታል። ያን ጊዜ አልከለከላትም። ደርሳ የዶክተሩን ቀበቶ ከኋላ ጨበጠች።

"ካሜራዬስ?"

"ካሜራው የሚያለቅስለት ልጅ የለውም። እርስዎ አለዎት። ይምጡ።"

እየጎተተች አመጣቻቸው። ሰባተኛውን ትከሻ ነካች፣ በሩን ዘጋች፣ ነዳች። ሮድኒ ለሚስቱ በስልኩ ጻፈላት፦ ሁሉም ገብቷል፣ ወደ ደቡብ ወጣን። አሥራ ሁለት ከአርባ ሁለት።

እንቁላል የሚያህል በረዶ የኋላውን መስታወት አረገፈው፣ ጣሪያውን አጎደጎደው። አውሎ ነፋሱ እነሱ ቆመው የነበሩበትን መንገድ ጠርጎ አለፈ። ግን ማንም አልሞተም። ቬልዳ ማደሪያቸው ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ከእሷና ከሮድኒ ጋር ዘጠኝ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራውን ፍለጋ ተመለሱ። ስንዴው እንደ ረጠበ መሬት ላይ ተነጥፏል። የአጥሩ እንጨት ተነቅሎ የት እንደገባ አይታወቅም።

ካሜራው ግን... ቆሟል።

ልክ እንደተተከለ። ቬልዳ የካሜራውን መስታወት በጣቷ ነካችው። ደረቅ ነበር።

ቁርስ ቤት ገብተው ፎቶዎቹን በዶክተሩ ኮምፒውተር ከፈቱ። እያንዳንዱ ፎቶ ሥሩ ላይ ሰዓት አለው።

አርባ አንድ። ቬልዳ ዶክተሩን በቀበቶ ትጎትታለች። ሁሉም ሳቁ፤ ዶክተሩም ሳቁ።

አርባ ሁለት። የሚኒባሷ የኋላ መብራት፣ እየራቀ።

አርባ አራት። ሚኒባሷ ቆማለች።

ሳቁ ቀጥ አለ።

እዚያው ቦታ። በሯ ተከፍቷል። ውስጧ ባዶ ነው። በሩ ጋ የዝናብ ልብስ ለብሶ ቆቡን እስከ ግንባሩ የደፋ ሰው አንድ እጁን ዘርግቶ ቆሟል...

"አክስቴ፣ አንቺ ነሽ እኮ" አለ ሮድኒ በሹክሹክታ።

"አይደለሁም።"

"ልብሱ ያንቺ ነው።"

"እኔ በግራ እጄ ነው የምቆጥረው። እጁን እየው።"

የተዘረጋው ቀኝ እጅ ነበር።

አርባ አምስት። በመስኮቱ አንድ ጭንቅላት ይታያል።

ቀጣዩ መብረቅ። ሁለት።

ቀጣዩ። ሦስት።

ከስንዴው ወጥቶ ሲመጣ የሚታይ ሰው የለም። ግን መብረቅ በበረቀ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ቬልዳ ሳይታወቃት ከንፈሯ ይቆጥር ጀመር። ስምንት... ዘጠኝ... አሥር... አሥራ አንድ።

ሚኒባሷ አሥራ ሁለት መቀመጫ አላት።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ አሥራ አንዱም ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረዋል። ባዶ የቀረው አንድ ወንበር ነው።

የሹፌሩ።

ቬልዳ በዚያው ዕለት ሥራውን ተወች። ሚኒባሷም ተሰባብራ ስለነበር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስትጨፈለቅ ሮድኒ ቆሞ አይቷል። ይህንንም ያዙልኝ።

ይህን ሁሉ በረንዳዋ ላይ ስትነግረኝ እንደ ልማዴ ቀለድኩባት። "ሹፌር ከፈለጉ ጥሩ ሥራ ነው፤ ተሳፋሪው አይነጫነጭም" አልኳት።

አልሳቀችም።

"ሌስተር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክላክስ ነፍቼ ሰው ጠርቻለሁ። አንድ ቀን ለእኔ ቢነፋ እግሬ እንቢ የሚል አይመስለኝም። አጠገቤ ካለህ ያዘኝ።"

"ምንሽን?"

"ቀበቶዬን።"

ሦስት ሳምንት አለፈ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። እኔ በረንዳዋ ሥር ማጨጃዋን ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ እሷ አተር ትፈለፍላለች።

ክላክስ።

መፍቻዬ እጄ ላይ ቆመ።

ክላክስ።

አተሩ ከጭኗ ተደፋ።

ክላክስ።

ከዚያ... ያ ድምፅ። እንደ ታመመ ፍየል። በር ሲከፈት።

መንገዱ ላይ ምንም የለም።

ቬልዳ ተነሳች። ደረጃውን ወረደች። ጠራኋት፤ አልዞረችም። በአጠገቤ ስታልፍ ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ነበር... ሊነኩት እንደሚያመቻች ሰው።

ዘልዬ ቀበቶዋን ያዝኩ። ሞተር ብቻዬን የማነሳ ሰው ነኝ፤ ይቺ ጉልበተ ደካማ ሴት ግን እኔንም ይዛኝ ሄደች። ጫማዬ ሳሩን ይልጠዋል። የአጥሩ በር ጋ ደረስን። መንገዱ ሦስት እርምጃ ቀረው።

ሌላ የምለው ስላጣሁ እንዲህ አልኳት...

"ቬልዳ። ስንት ሆንን?"

ቆመች።

አንገቷ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ሁለት" አለች። "እኔና አንተ። ሁለት።"

በቀበቶዋ ወደ ኋላ ሳብኳት፤ ሁለታችንም ሳሩ ላይ ወደቅን።

በዚያች ቅጽበት ከጠራ ሰማይ በረዶ ወረደ። መንገዱ ላይ ብቻ። ሳሩ ላይ አንድ ጠጠር እንኳ አልደረሰም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ወርዶ አቆመ።

መንገዱ ነጭ ሆኗል።

መሃሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ደረቅ ቦታ አለ... ርዝመቱ የሚኒባስ፣ ስፋቱም የሚኒባስ።

ከጎኑ፣ በሩ ሊሆን በሚችልበት በኩል፣ የሁለት ጫማ ልክ የሚያህል ሌላ ደረቅ ቦታ አለ። የጫማዎቹ አፍንጫ ወደ እኛ ዞሯል።

"ሌስተር" አለችኝ ቬልዳ በሹክሹክታ። "በሩ ሲዘጋ ሰምተሃል?"

በረዶው እስኪቀልጥ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ።

እስካሁን አልሰማሁም።