ዘግይቶ የሚከፈት በር

ዶክተር ገብረዋህድ የሞቱት በነሐሴ ወር 1999 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካዛንቺስ በሚገኘው ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኢንስፔክተር ቢፍቱ ነገሪ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከወንበሩ አልተነሣም። መንጋጋቸው ተቆልፏል፤ ቀኝ እጃቸው እርሳስ እንደ ጨበጠ ቀርቷል። በእርሳሱ ሥር ባለው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ተሥሏል፤ ሽቅብ ይወጣና ሳይወርድ እየተንቀጠቀጠ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይዘልቃል።

«ተራራ ይመስላል፤» አለ ሳጅን ጋዲሳ።

«ተራራ ቢሆን ቁልቁለት ይኖረው ነበር። በሩን ዝጋና ማንም እንዳይገባ ጠብቅ፤ ከዚህ ክፍል ማንኪያ እንኳ አይውጣ።»

ውጭ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሰምሃል የሟች የወንድም ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጃዋር ደግሞ በግቢው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤተ ሙከራ ለአሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀ ባለሙያ ነው።

«ጾሙን ሊፈቱ ተቀመጡ፤» አለች ሰምሃል ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ሽሮ አቀረብኩላቸው፤ ሻይም ቀዳሁ። እኔም አብሬያቸው በላሁ። ብዙም ሳይቆይ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታክሲ ልጠራ ወደ ኡራኤል ሮጥኩ። ስመለስ...»

ቢፍቱ ወረቀቱን ለጃዋር አሳየችው። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዶክተር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ነገር ነው። ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ፤ ነርቩ ያለ ማጉያ መነጽር በዓይን ይታያል። በነርቩ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲያልፍ መጀመሪያ ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር የሚገባበት በር ይከፈታል፤ መስመሩ ይወጣል። የፖታሲየሙ በር ጥቂት ዘግይቶ ነው የሚከፈተው፤ እሱ ሲከፈት መስመሩ ይወርዳል፣ ነርቩም ያርፋል።»

«እዚህ ግን አልወረደም።»

«አዎ። የፖታሲየሙ በር ሲደፈን እንዲህ ነው የሚሆነው። ነርቩ ማረፍ ያቅተዋል። ያንን በር የሚደፍን ነጭ ዱቄት ቁም ሣጥናችን ውስጥ አለ። ሰው ከዋጠው...» ጃዋር ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ኢንስፔክተር፣ ሰውየው ምን እየገደላቸው እንደሆነ አውቀው ነው የሣሉት!»

ይህን ሲናገር አንድ ወጣት ዝናብ የመታው ጃኬቱን እያራገፈ ገባ። ሚልዮን ይባላል፤ የዶክተሩ የመጨረሻ ተማሪና የሰምሃል እጮኛ ነው። ጠዋት ብቅ ብሎ ከሄደ በኋላ ከአራት ሰዓት እስካሁን ቡልጋሪያ ጋራዥ መኪናውን ሲያሠራ እንደ ዋለ ተናገረ። የጋራዡ ሰዎችም ኋላ ለጋዲሳ በስልክ ይህንኑ አረጋገጡ።

ቢፍቱ ጃዋርን ቁም ሣጥኑን እንዲያይ ላከችው። ቁልፉ ለሁሉም በሚታይ ምስማር ላይ ነበር የሚሰቀለው። ጃዋር ሮጦ ተመለሰ።

«ግማሹ የለም! ዕቃው ሙሉ ነበር፤ ግማሹ የለም! ውሃ ውስጥ ቢገባ በዓይን አይለይም!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ፍርሃት ወረሰው። ሰምሃል በእጇ የነበረውን ብርጭቆ እንደ ጋለ ብረት አስቀመጠችው። ጃዋር የቧንቧ ውሃ በነካ እጁ አፉን ላለመንካት ሁለቱንም መዳፎቹን ከሰውነቱ አርቆ ቆመ። ጋዲሳም ቢሆን ሲመጣ ከኩሽናው ፔርሙዝ ቀድቶ የጠጣውን ሻይ አስታውሶ ሆዱን ዳሰሰ።

«ኢንስፔክተር፣ ማለቴ... ሻይ ጠጥቻለሁ እኮ።»

«ከጠጣህ ሰዓት አለፈው። ብትሞት ኖሮ እስካሁን ትነግረኝ ነበር።»

ሚልዮን ሰምሃልን አቀፋት። «በቃ፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ፤» አለና፣ ጉሮሮው ደርቆበት ኖሮ፣ ኩሽና ገብቶ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ጠጣ። ከማሰሮውም ውሃ ቀድቶ ጠጣ። ቢፍቱ በኩሽናው በር ቆማ እስኪጨርስ ተመለከተችው።

ስልክ ተደወለ። አለቃዋ ነበር። «ያቀረበችለት ልጅቷ፣ ብቻዋን የነበረችው ልጅቷ! እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘሻት ነይ።»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ሚልዮንም ሰምሃልም ሰሙት። ሰምሃል ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ሳበች።

ቢፍቱ አጠገቧ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ሽሮውንም ሻዩንም አንቺ ቀምሰሻል፤ ደኅና ነሽ። እስኪ አስቢ፤ ጾማቸውን ሲፈቱ ከሁሉ አስቀድሞ አፋቸው የገባው ምንድን ነው?»

«ሽሮው ነው አልኩዎት እኮ።»

«ከሽሮው በፊትስ?»

«ምንም... ጸበል ብቻ። ጠዋት ከኡራኤል አመጣለሁ፤ እኔ እዚያው ጠጥቼ ነው የምመጣው። እሳቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው በትንሿ ጀሪካን አመጣላቸዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ መጀመሪያ እሱን ይቀምሳሉ።» ቀና አለች። «ምን በሉ ምን ጠጡ ስትሉኝ ጸበል መጥራት ነውር መሰለኝ። ጸበል መጠጥ ነው እንዴ?»

ቢፍቱ ተነሥታ ወደ ምግብ ክፍሉ ገባች። ከዚያም በሟች የሥራ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የሚልዮንን የምርምር ጽሑፍ ይዛ ከጃዋር ጋር ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾከች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ትንሿ ጀሪካንና አንድ ስኒ ነበሩ።

«ዶክተሩ መርዙን ነገሩን፤» ብላ ጀመረች። «መቼ እንደ ተጨመረ ግን አልነገሩንም። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት የነበረው ማን ነው እያልን ስንፈልግ ነበር። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጾመኛ ሰው ጠዋት የተቀመጠለትን የሚነካው ከሰዓት በኋላ ነው። ይህ ሞት እንደ ፖታሲየሙ በር ዘግይቶ የተከፈተ ነው፤ ገዳዩ ጠዋት ብቅ ብሎ ያን ጊዜ ቡልጋሪያ ጋራዥ ሊሆን ይችላል።»

«እኔን ነው?» ሚልዮን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ለምን ብዬ?»

«በጽሑፍህ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ የስኩዊዱን ነርቭ በበጋ ሙቀት እንደ ለካህ ጽፈሃል። ጃዋር እንዳስረዳኝ በሙቀት በሮቹ ይፈጥናሉ፤ በብርድ ይዘገያሉ። ያንተ መስመሮች ዘገምተኞች ናቸው። ዶክተሩ በኅዳጉ ላይ "ይህ በበረዶ የተለካ ነው፤ ይህ የኔ ነው" ብለው ጽፈዋል። የወጣትነት ሥራቸውን ቀን ቀይረህ የራስህ አድርገሃል። ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው ሊያስታውቁ እንደሆነም እዚያው ጽፈዋል።»

«እሱ የስርቆት ክስ ይሆናል እንጂ የግድያ አይደለም።»

«ልክ ነህ። ግን ግማሽ ዱቄት ጠፋ ሲባል ጃዋር ሁሉን ፈራ። ሰምሃል ሁሉን ፈራች። ይኸው ሳጅኔ እንኳ የራሱን ሆድ ፈራ። አንተ ሻይም ውሃም ጠጣህ። መርዙ ሻዩም ውሃውም ውስጥ እንደሌለ ያወቀው መርዙ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ጠማኝ! በቃ፣ የጠማው ሰው ወንጀለኛ ነው?»

ቢፍቱ ከጀሪካኑ ስኒውን ሞላችና ለሰምሃል አቀበለቻት።

«ደክመሻል ልጄ። ጸበሉን ቅመሺ።»

ሰምሃል ስኒውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጸበል ይጎዳል ብሎ ማሰብ አልሆነላትም፤ እስካሁን የፈራችውን ውሃ ሁሉ የረሳች ይመስል ፊቷ ረገብ አለ። አማተበች። ስኒው ከንፈሯ አጠገብ ደረሰ።

«አትጠጪው!»

ሚልዮን ጠረጴዛውን ዘሎ ስኒውን ከእጇ መታው። ስኒው ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ሚልዮን እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ፤ ምን እንዳደረገ የገባው ከሁሉም በኋላ ነበር።

«የቧንቧ ውሃ ነው፤» አለች ቢፍቱ ቀስ ብላ። «ጸበሉ ታሽጎ ለምርመራ ሄዷል። ለእስር ስትሄድ ዝም ብለህ አየሃት፤ ለሞት ስትሄድ ግን አልቻልክም። ጋዲሳ፣ ውሰደው።»

ሚልዮን በበሩ ሲወጣ ዞሮ አያት። ሰምሃል አላየችውም፤ የምታየው ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ ነበር።

ጃዋር ኩሽና ገብቶ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ መጣ። አቀረበላት፤ እጇ ወደ ብርጭቆው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።

«ቢስሚላህ፤» አለ ጃዋር። ግማሹን ራሱ ጠጣ፤ ትንሽ ጠበቀ፤ የቀረውን ሰጣት።

ሰምሃል እሱን እያየች ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ጠጣች።