ፊዮሬ ጠረጴዛው ላይ ሳለች

እኔ ሰው ጅብ ይሆናል ሲሉኝ ስቄ የማልፍ ነኝ፣ አስመራ ውስጥ ከአንድ ጣሊያናዊ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ረዳት ሆኜ ስሠራ የማምነው በእጄ የዳሰስኩትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነበር፣ ታዲያ ይህ ነገር የመጣብኝ በዚሁ እጄና ጆሮዬ በኩል ነው፣ ምን ላድርግ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሷል፣ ከትምህርት ቤት የለቀምናት አማርኛ ቢሮ የገባችበት ጊዜ። ገዛ ባንዳ በሚባለው የአስመራ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ሲኞራ ሊና የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ጣሊያናዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር፣ ያለቻቸው ፊዮሬ የምትባል ትንሽ ስፓኒየል ውሻ ብቻ ናት፣ ጆሮዋ እስከ አንገቷ የወረደ፣ ጭን ካገኘች ሌላ የማትሻ፣ እመኑኝ፣ ሌባ ቢመጣ ጭራዋን ቆልታ የምታስገባ። ግን የዘሯ ነገር ሆኖ ልቧ ደካማ ነው፣ ደረቷን ሳዳምጥ ከምቱ ጋር እንደሚያፈስ ቧንቧ ሽሽ ይላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ እንዳትወፍር ፓስታ ከለከላት፣ ደረጃም በእቅፍ እንጂ በእግሯ እንዳትወጣ አዘዘ፣ ጆሮዋን መጥረግ የኔ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ከልቧ ድካም የሚመጣው ሳል ሲበረታባት ሲኞራ ክሊኒካችን ትተዋት ሊያርፉ ቤታቸው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ እንዳደረግሁ ሽሽ የሚለውም ድምፅ ምቱም ቀጥ አለ። ማዳመጫው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በራሴ ደረት ሞከርኩት፣ የኔ ይደልቃል፣ የሷ የለም፣ እግሮቿ ግን ጠረጴዛው ላይ ይሮጣሉ፣ ጥፍሯ እንጨቱን ቸክ ቸክ ያደርጋል። ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ ደረቷን ሲያሻት ቆየና፣ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሊያነሣ ሲል ልቧ ተመለሰ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የሲኞራ ጎረቤት፣ ከሸዋ የመጣው ሻምበል ሚስት፣ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው።

«ውሻይቱ ከእናንተ አምልጣለች፣ መጥታችሁ ውሰዷት» አሉኝ፣ «በሬን ስትቧጭር ብከፍት የቀሚሴን ጫፍ ነክሳ ወደ ሲኞራ በር ጎተተችኝ፣ ጋዝ ሸተተኝ፣ ሻምበል በሩን በትከሻው ሰበረው፣ ሴትዮዋ ወጥ ቤት ወድቀዋል። እግዜር ይመስገን፣ አሁን ነቅተው ሻሂ ስጡኝ እያሉ ነው።»

«እትዬ፣ ፊዮሬ እኮ እዚህ እጄ ላይ ናት።»

«ምን ትላለህ አንተ፣ አሁን በደረጃው ወረደች።»

በማግስቱ ፊዮሬን አቅፌ ስደርስ ፎቁ በሙሉ ወጥቶ ጠበቀን፣ እናቶች እልል አሉ፣ ሻምበሉ ውሻይቱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ በረንዳውን አዞራት፣ ሲኞራ ደግሞ እያለቀሱ ለሁሉም «የቐንየለይ» ይላሉ፣ በትግርኛ ማመስገናቸው ነው። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሲኞራና ፊዮሬ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረው ኖሩ፣ ሞትን ሁለት ቦታ አሸንፈው።

ወይዘሮ አልማዝ ግን ፊዮሬን አገላብጠው አይተው ወደ ጎን ጠሩኝ።

«እሷው ናት» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «ግን ያቺ አላሳለችም። ደረጃውንም እየዘለለች ነው የወረደችው። ተመልሳ ስትወጣ ግን ማንም አላያት።»

ባላቸው ተዛውሮ እስኪሄዱ ድረስ ያቺ ትመለስ እንደሆነ ብለው በየቀኑ በዚያ ሰዓት በራቸውን ገርበብ አድርገው ይተዉት ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ያን ደረጃ ስወጣ ሳላስበው ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ፣ ለሚወርድ መንገድ ለመልቀቅ።