ሙሀይሚንን የያዘው መብራት

ሀፊዛ የወንድሟን አስከሬን ያየችው በስልክ ነው።

ሪያድ ውስጥ፣ በማዳሟ ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማ ነበር። በስልኩ መስታወት ላይ ሐይቅ ከተማ ያለው ግቢያቸው ይታያል። ነጯ የኤሌክትሪክ መኪና ከአጥሩ በር አጠገብ፣ ከማንጎው ሥር ቆማለች። ከጎኗ አንድ ሰው በጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከጋቢው የወጣው እግር የማን እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

«ኢና ሊላሂ» አለች፤ የቀረው አልወጣ አላት።

ስልኩን የያዘው ሰው ካሜራውን ወደ ራሱ አዞረ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ በጥርሱ መፋቂያ የነከሰ ሰው ነው።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ። ኢንስፔክተር እንየው እባላለሁ፤ መርማሪ ነኝ። ስልኩን ከእናትሽ ተቀብዬ ነው። ወንድምሽን መብራት ይዞታል።»

«ከቻርጀሩ?»

«እሱን ነው የማጣራው። ቻርጀሩን ያስተከልሽው አንቺ ነሽ አሉ። ለማን ምን እንዳዘዝሽ የምታውቂውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ እስክጨርስ አብረሽኝ ትዞሪያለሽ። ስልኩን አትዝጊው።»

ሀፊዛ መኪናዋን የገዛችው ታናሽ ወንድሟ ሙሀይሚን ከሐይቅ ደሴ ሰው እያመላለሰ እንዲሠራባት ነው። የማዳሟ ባል መኪናውን ቤቱ ውስጥ ሰክቶ ሲያሳድር ታይ ስለነበር፣ የእነሱም ግቢ እንደዚያ እንዲሆን ፈለገች። ሳህን እያጠበች፣ ምንጣፍ እየጠረገች፣ በድምፅ መልእክት ስታዝ ከረመች። ሽቦውን የዘረጋው ባድሩ ነው፤ የሰፈራቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ስትመለስ ኒካህ የሚያስርላት እጮኛዋ።

ባድሩ አሁን እጁ በካቴና ታስሮ ከአጥሩ ሥር ተቀምጧል።

«እሱን ለምን አሰራችሁት?» አለች።

«ፖሊሶቹ ልጆች ቀድመውኝ አሰሩት። የመሬቱን ሽቦ ሳያገናኝ ትቶታል ብለው ነው። እውነት ከሆነ ሥራው ገድሏል ማለት ነው። ሐኪሙ አይቶ ጨርሷል፤ ከዙህር ሰላት በኋላ ይቀበራል። ለእኔም የቀረኝ ጊዜ ያው ነው።»

እውነት ከሆነ ሀፊዛ ወንድሟንም እጮኛዋንም በአንድ ጠዋት አጣች። አሥሩ ጣቶቿ ስልኩ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ከዚያ በላይ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

ኢንስፔክተሩ ወደ ባድሩ ሄደ።

«የመሬቱን ሽቦ አስሬያለሁ ብለሃል።»

«ወላሂ አስሬያለሁ። ሀፊዛ ራሷ አይታለች።»

«አይቻለሁ» አለች ከስልኩ ውስጥ። «ሽቦው የሚታሰርበትን ብረት መሬት ውስጥ ሲቸክለው በቪዲዮ አሳይቶኛል።»

«ሲቸክለው አይተሻል። የሚነቅል ሰው ግን አሳይቶ አይነቅልም» አለ እንየው። ከግድግዳው ወርዶ የተንጠለጠለውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በመፋቂያው ነካ አደረገው። ጫፉ ከምንም አልታሰረም። «ሽቦው ይኸው። ብረቱስ?»

«እዚያ ገለባው ሥር ነበር። አለቱ አላስገባ ብሎኝ ክንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው የገባው። መሬቱ እንዳይደርቅ ውኃ አፍሱበት ብዬ ነበር።»

እንየው ገለባውን በእግሩ ገለጥ አደረገው። ጠባብ ክብ ጉድጓድ ታየ፤ አፉ ወዲያና ወዲህ የሰፋ። አጎንብሶ ብዙ አየው።

«ለመሆኑ የመሬት ሽቦ ሥራው ምንድን ነው?»

«መብራት ከመንገዱ ወጥቶ የመኪናው ብረት ላይ ቢፈስ፣ ሰው ሳይዝ ወደ መሬት ይወስደዋል። እሱ ከሌለ ቻርጀሩ ራሱ አውቆ ቀይ ያበራል፤ አልሞላም ይላል።»

«እምቢ ይላል?»

«አዎ። ከብዙ ሰው ይሻላል፤ አደጋ ሲያይ እምቢ ይላል።»

እንየው ፈገግ አላለም። ባጃጁን ተደግፎ የቆመውን ወጣት ጠራ። ኡበይድ የሀፊዛ የአጎት ልጅ ነው፤ ከጂዳ የተመለሰ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አፉ የማያርፍ።

«አንተ ነህ አሉ ያገኘኸው።»

«እኔ ነኝ። ከሱብሒ ሰላት እሱ ቀድሞኝ ተመለሰ። ባጃጄን ላወጣ ስመጣ ከመኪናዋ በር ሥር ወድቋል። የመብራቱን ብሬከር አጠፋሁ፣ ገመዱን ከመኪናዋ ነቀልኩ፣ ጮህኩ።»

«ቻርጀሩ ምን ያሳይ ነበር?»

«አረንጓዴ። መኪናዋ እየሞላች ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኢንስፔክተር ደግሞ፤ ቀይና አረንጓዴ ሳልለይ ነው እንዴ የምነዳው?»

«ሐይቅ ውስጥ የትራፊክ መብራት መኖሩን አልሰማሁም። ስፒናው የት ተሰክቶ ነበር?»

«ያው አሁን እንዳለው። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት።»

እንየው ሰዎቹን አራቀና ብሬከሩን መለሰ። በቻርጀሩ ፊት ላይ ቀይ መብራት በራች። ጥቂት ጠብቆ አጠፋው፤ ስፒናውን ሳይነቅል ገመዱን በአንድ እጁ እየጎተተ ወደ መኪናዋ ሄደ። ስልኩ በሌላው እጁ ስለነበር ሀፊዛ መሬቱን፣ ጫማውን፣ የተወጠረውን ገመድ አየች። መኪናዋ ሳይደርስ ገመዱ አለቀበት።

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «አየሽ?»

«አልደረሰም።»

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

ለማን ትናገራለች? ዙሪያዋ የማዳም ፎጣ ነው።

ቀጥሎ ወደ እናቷ ወሰዳት። እትዬ መስኡዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ሀፊዛ እንዲያለቅሱ ፈለገች፤ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«እትዬ መስኡዳ፣ በዚህ ሰዓት ስለምጠይቅዎ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ስለ መኪናዋ ያማረረው ነገር ነበር?»

«ቀይ አለችብኝ፣ አልሞላም አለችኝ ይል ነበር። ወይፈኑ የመጣ ሰሞን። ሀፊዛ እንዳትሰማ፣ ትጨነቃለች አለኝ። ኋላ ደግሞ ተስማማች አለ።»

«ማን አስማማት?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ።»

ከቤቱ ጀርባ ወይፈኑ አገሳ። ለአረፋ የተገዛ ነው። ስለ እሱ ሀፊዛ ብዙ ሰምታለች፤ ገመድ ይበጥሳል፣ የእንጨት ችካል ይነቅላል፣ የጎረቤት ጎመን ይበላል። ሥራ እየሠራች ሰምታ፣ ሥራ እየሠራች መልሳለች።

«ሀፊዛ!» የማዳም ድምፅ ከላይ መጣ።

ስልኩን ፎጣ ውስጥ ደብቃ ወጣች። እንግዳ ነበር። ሻይ አቀረበች፤ ሕፃኑን አቀፈች፤ የፈሰሰ ጭማቂ ጠረገች። ወንድሜ ሞተ ብትል ማዳም ታዝንላት ይሆናል፤ አዝናላት ግን ሻዩን ድገሚ ትላታለች። ፓስፖርቷም በአባወራው መሳቢያ ነው። ስትመለስ ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ጋቢው፣ ቃሬዛው፣ ሰዉ፣ ሁሉም ከግቢው ወጥቷል። ከሩቅ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚል የብዙ ወንዶች ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል።

«ወሰዱት?» አለች።

«ወሰዱት» አለ እንየው። «ላሳይሽ ፈልጌ ነበር፤ ብጠራሽ አጣሁሽ።»

ሀፊዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት። «ከቀብር ሲመለሱ ሁሉንም እሰበስባለሁ። ኡበይድ ቀብር ስለሄደ እስከዚያ የባጃጁን ወንበር ሥር ልየው።»

ከቀብር በኋላ ከማንጎው ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ባድሩ ከነካቴናው፣ ኡበይድ፣ እትዬ መስኡዳ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እንየው ስልኩን ሁሉንም እንዲያሳይ አድርጎ ግንዱ ላይ አስደገፈው።

«የሞተው ልጅ ቀኝ መዳፍ ተቃጥሏል» ብሎ ጀመረ። «ጥቁሩ ምልክት ከመኪናዋ በር እጀታ ላይም አለ። ስለዚህ የያዘው ሶኬቱ አይደለም፤ መኪናዋ ናት። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ርሷል። መኪናዋን ሲነካ መብራቱ በእሱ በኩል ወደ መሬት ሄደ።»

«የመሬቱ ሽቦ ስለሌለ ነዋ» አለ ኡበይድ። «ገና ጠዋት ብያለሁ።»

«ብለሃል። ሽቦው ከሌለ ግን ቻርጀሩ ቀይ ያበራል፤ በዓይናችን አየን። አንተ ያየኸው አረንጓዴ ነው። እኔ አመንኩህ። መኪናዋም መሙላት ጀምራ ነበር፤ ቁልፉን ከፍቼ አይቻለሁ። እምቢ የሚል ቻርጀር ታዲያ ማን እሺ አሰኘው?»

ኡበይድ ወደ ባጃጁ ተመለከተ።

«ደግሞ ገመዱ ከግድግዳው ሶኬት እዚህ አይደርስም። ሞከርኩት። መኪናዋን ማንም አላንቀሳቀሳትም፤ የጎማዋ ሥር ብቻ ደረቅ ነው፣ ዝናቡ ሳይመጣ ጀምራ እዚሁ ናት። እንግዲህ በመሃል ማራዘሚያ ነበረ፤ እኛ ስንደርስ ግን የለም። አስከሬኑን ያገኘው ሰው አንሥቶ ስፒናውን ግድግዳው ላይ መለሰው።» ከከረጢቱ ጥቁር ማራዘሚያ ገመድ አወጣ። «ከባጃጅህ ወንበር ሥር ነው ያገኘሁት፣ ኡበይድ። የጫፉን ሶኬት ፈትቼ አየሁት። ውስጡ ትንሽ ሽቦ አለ፤ የመሬቱን መስመር መብራት ከሚያመጡት ሁለት መስመሮች ከአንዱ ጋር ያስራል።»

ባድሩ ሳያስበው «አንተ!» ብሎ ብድግ አለ። አንዱ ፖሊስ በካቴናው ስቦ አስቀመጠው።

«ንገራቸው» አለው እንየው።

«ቻርጀሩን ያታልላል» አለ ባድሩ። «መሬት ያገኘ ይመስለዋል። ስፒናው ግን ተገልብጦም ይገባል። በአንድ ጎኑ ሲሰኩት መኪናዋ ደህና ናት። ገልብጠው ሲሰኩት መብራቱ በዚያች ሽቦ አድርጎ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ብረት ይሄዳል።»

ኡበይድ አንገቱን ደፋ።

«ጂዳ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ሙሀይሚን ነው ሥራ ቆመብኝ ብሎ የለመነኝ። ስፒናው ላይ በምላጭ ምልክት አድርጌ ነበር። ምልክቱ ወደ ላይ፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብዬዋለሁ። ከሱብሒ ሲመለስ ገና አልነጋም ነበር፤ አላየውም መሰለኝ።»

«ቢገለበጥ እንደሚገድል አውቀህ ነው ምልክት ያደረግክበት» አለ እንየው። «መግደል አልፈለግክም፤ እሱን እቀበልሃለሁ። ግን ይህ ሰው በአንተ ፋንታ ሲታሰር ባጃጅህን ተደግፈህ ታይ ነበር።»

ወደ ባድሩ ሄዶ ካቴናውን ፈታና ኡበይድ እጅ ላይ አሰረው። ባድሩ ነፃ የወጣውን እጁን እያሸ ወደ ስልኩ አየ። ሀፊዛ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

«የቀረው አንድ ነገር ነው» አለ እንየው፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ቻርጀሩ ከመነሻው ለምን ቀላ? የመሬቱ ብረት ስለተነቀለ። ጉድጓዱ ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዘ የተነቀለ ነው፤ ውኃ ስለጠጣ መሬቱ ለስላሳ ነበር። የነቀለው ሰው ሊሰርቀው አይደለም፤ ሽቦውን በጥንቃቄ ፈትቶ ግድግዳው ላይ አንጠልጥሎታል። ብረቱን አግኝቼዋለሁ። ከቤቱ ጀርባ ወይፈኑ ታስሮበታል።»

ሰሌኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ መስኡዳ። «እንጨቱን እየነቀለ አስቸገረኝ። ባድሩ ሲተክለው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ችካል ነው እናቴ አለኝ። መኪናዋ ደግሞ ቆማለች፤ አትሄድ፣ አታመልጥ። ለሷ ችካል ምን ያደርግላታል ብዬ…»

ባድሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኝ ችካል ያልኳቸው» አለ። «ማስረዳት ሰንፌ።»

ሀፊዛ ያኔ ነው ያስታወሰችው። ማዳም እየጠራቻት፣ እናቷ በስልኩ ውስጥ ስለ ወይፈኑ ሲያማርሩ፦ «ሀፍዬ፣ ያን የብረቱን ችካል ላድርግለት?» ሀፊዛ ዕቃ ቤት የተጣለው የአባቷ የበሬ ችካል መስሏት ነበር። «አድርጊለት እማ። ለዚህም ትጠይቂኛለሽ?» ብላ ዘጋችው።

«እትዬ መስኡዳ» አለ እንየው፣ «ከመንቀልዎ በፊት ማንንም አላማከሩም?»

እናቷ ወደ ስልኩ አዩ። በቀጥታ ወደ ልጃቸው ዓይን።

«ማንንም» አሉ። «ከራሴ ነው።»

«እማ» አለች ሀፊዛ።

እትዬ መስኡዳ ተነሡ። ወደ ግንዱ መጥተው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ፊታቸው መስታወቱን ሞላው።

«ሀፍዬ፣ ካርድሽን አትጨርሺ። በኋላ እንነጋገራለን።»

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ ያ…»

ተዘጋ።

መልሳ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ከዚያ መጥራቱንም ተወ።